ያልተነገረው ቺፕ

ወንድምና እህት በአንድ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። እሱ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይበይዳል፤ እሷ ቦርዱ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ትጽፋለች። ከተኳረፉ ግን ሰንብተዋል። እናታቸው ሲደክማቸው፣ ታላቅ የሆነው ወንድምየው ማንንም ሳያማክር ጓዛቸውን ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው፤ እህቱ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በአለቃቸው በኩል ሆነ። «ጋሼ፣ ገመዱን እንዲያቀብለኝ ይንገሩልኝ» ትላለች፣ ወንድሟ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስባት ቦታ ተቀምጣ። አለቅየው ተሰላችተው «እኔ አለቃ ነኝ ወይስ ስልክ?» ይሉ ጀመር።

በዚህ መሃል እየሠሩት ያለ አንድ መሣሪያ አሻፈረኝ አለ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚተኛበትን አልጋ ሙቀት የሚቆጣጠር ነው፤ አንዲት አዋላጅ ነርስም በየጠዋቱ እየደወለች «ዛሬስ?» ትላለች። ፕሮግራሙ በእህትየው ኮምፒውተር ላይ ጥንቅቅ ብሎ ይሠራል። ትንሿ ቦርድ ላይ ሲጫን ግን ስክሪኑ ይበራና የመጀመሪያውን ሙቀት ሊያነብ ሲል ድርቅ ይላል።

ወንድምየው «ብየዳዬ እንከን የለውም» አለ፣ ለአለቃው። እሷም «የኔም ኮድ ደህና ነው» አለች፣ ለአለቃው።

ረፋዱን ሙሉ ፕሮግራሙን እየቆራረጠች ሞከረችው። ሙሉ ቁጥር ሲመጣለት ይሠራል፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲመጣ ይሞታል። ነጥብ ያለውን ሒሳብ የሚያሰላላት ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ፣ ላይብረሪ፣ ነው። ላይብረሪው ደግሞ ኮምፓይል የተደረገው፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመው፣ ለእንዲህ ያለ ሒሳብ የተለየ ክፍል ላለው ፕሮሰሰር ነው። የነሱ ቦርድ ፕሮሰሰር፣ ቺፑ፣ ይህ ክፍል አለው። አለው እንዴ? አጉሊ መነጽር አንስታ አጎነበሰች። ቺፑ ላይ የታተመው ስም የመጨረሻ ፊደሉ ሌላ ነው።

ወንበሯን አዞረች። «ቺፑን ቀይረኸዋል?»

ወንድሟ በቀጥታ ስትጠይቀው ግራ ገብቶት አለቃቸውን አየ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«የድሮው ከገበያ ጠፋ፤ ይኼም ያው ነው ብለው ሰጡኝ። ለጋሼ ነግሬያለሁ።»

«አንተ ያልከኝ ‹ቺፕ ተገኘ› ነው» አሉ አለቅየው።

«ያው አይደለም» አለች። «ነጥብ ያለው ሒሳብ በራሱ አይችልም። ላይብረሪው የሚሰጠው ትእዛዝ አይገባውም።»

«ታዲያ ነቅዬ ልጣለው?»

«ተወው። ላይብረሪውን ለሱ እንዲስማማ እንደ አዲስ ኮምፓይል አደርገዋለሁ።»

ነገሩ እንዳወራችው አልቀለላትም። ላይብረሪው ሌላ ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ያኛውም ሌላ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ተርጓሚው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ለቺፑ የተዘጋጀውን ፎልደር ትቶ የራሷን ኮምፒውተር ላይብረሪ እያነሳ «ለዚህ ማሽን አይሆንም» ብሎ ይመልስላታል። ወንድሟ ወንበሩን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠና የስህተት መልእክቱን መስመር በመስመር ያነብላት ጀመር።

«እዚህ ጋ፣ ይኼ ያንቺ ኮምፒውተር ፎልደር አይደል?»

«ነው። አድራሻውን ያስገባሁት እኔው ነኝ» አለችና አስተካክላ ደገመችው።

ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ሙቀቱን ከነነጥቡ አሳየ። ከቴርሞሜትር ጋር አመሳከሩት፤ ልክ ነው። ቺፑ የማይችለውን ሒሳብ አሁን በፕሮግራም ዞሮ ስለሚሠራው ጥቂት ይዘገያል።

«አይጎዳም?» አለ ወንድሟ።

«ሙቀት እንደሆን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ይደርስበታል።»

አለቅየው ለአዋላጇ ሊደውሉ ወጡ። ሁለቱ ዕቃ ሲሰበስቡ እህትየው «እማዬንም እንደዚሁ ሳትነግረኝ ነው የወሰድካት» አለች።

«እንቢ ትይኛለሽ ብዬ ነው።»

«ልል እችል ነበር።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ነይና እሷኑ እንጠይቃት።»

ቅዳሜ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጠየቋቸው። እናትየው ሁለቱንም አዳመጡና፣ የሚሹት የራሳቸውን ቤት እንደሆነ፣ አብራቸው የምታድር ሰው ብትገኝ እንደሚበቃቸው ነገሯቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰው እስኪገኝ በየተራ እሳቸው ዘንድ ሊያድሩ ተስማምተው፣ በማግስቱ ወንድምየው የእናታቸውን አልጋ ፈታ፣ እህትየው ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጠረች፤ እናትየውም ከመኪናው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «ቶሎ በሉ እንጂ» ይሉ ነበር።