አሥራ ሁለተኛው ሐዋርያ

ሁሉም ነገር የተበላሸው ያን ማክሰኞ ነው፣ አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ ይሄ ስብከት እንጂ ታሪክ አይደለም፣ ያለኝ ቀን፣ ያው የምዕራቡ ባህል በክርስቲያን ዓይን አይጠናም ብሎ የጣለኝ ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ጨብጦ የምዕራቡን ባህል በክርስቲያን ዓይን ያስተምራል፣ ሰዉም አሜን ይላል። አሜን!

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ጽሑፌ ጭኔ ላይ። ሂድና ስማ፣ ግን አፍህን እንዳትከፍት፣ በልጆቻችን ይዤሃለሁ ብላኛለች ባለቤቴ፣ እሺ ብያታለሁ፣ እየሰማሁ ነው፣ ሰዓትን የሠሩት መነኮሳት ናቸው ይላል፣ ጸሎት እንዳያልፋቸው፣ ፋብሪካ በኋላ ነው የወረሰው ይላል፣ የኔ ጽሑፍ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ግን ይሁን፣ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሊያስብ ይችላል ይሉኛል።

ልብ በሉ፣ ይላል፣ በአንድ የአውሮፓ ካቴድራል ሰዓት ላይ የሚዞሩት ሐዋርያት አሥራ አንድ ናቸው፣ ሠሪው ይሁዳን ሆን ብሎ አስቀርቶታል፣ ጊዜ ለከሃዲ ቦታ የለውም።

አሥራ አንድ! እግዜር ይስጥህ።

አሥራ አንድ የኔ ስህተት ነዋ፣ የሰዓቱ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ያኔ ማን ያውሰኛል፣ የያዝኩት ፎቶ ኮፒ ነበር፣ ይኸው ዛሬ እንጀራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ሆኗል፣ ባለፈው ዓመት አንድ ዲያቆን ያንኑ መጽሐፍ ሊያስነሳ መጣ፣ ቆጠርኩ፣ አሥራ ሁለት፣ ይሁዳ ከረጢቱን ይዞ ዳር ላይ ቆሟል፣ ማሽኑ ነው ዳሩን የቆረጠብኝ፣ እኔ ደግሞ በተቆረጠው ላይ ፍልስፍና ሠራሁ። ያ ፍልስፍና የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የጽሑፌ ገጽ አርባ ሰባት። አጠገቡ በቀይ፣ ስብከት!

ሌባ ለማለት መጀመሪያ ተሳስቻለሁ ማለት አለብኝ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ተሳስቷል ይባል፣ ይባላ! ስህተቴን እንኳ አልተወልኝም።

ጥያቄ ያለው? እነሳለሁ። ልጄ፣ ከለልከኝ እኮ፣ ቁጭ በል፣ ይላሉ ከኋላ አንዲት እናት፣ አንዴ እማማ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቁጭ ብያለሁ። አቤት ወንድሜ፣ ይለኛል፣ ወንድሜ! አላወቀኝም። ገጽ አርባ ሰባትን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ ቀዩን አየ፣ የገዛ እጅ ጽሑፉን፣ የውሃ ብርጭቆውን አነሳ።

መምህር፣ አሥራ አንድ ያሉትን ከየት አገኙት? መጽሐፉን ይንገሩኝ፣ ገጹን ይንገሩኝ። ውሃውን በኋላ ይጠጣሉ፣ መጀመሪያ ይመልሱልኝ።