የአውጪው ድርሻ

ዳልጮ ዓለማዊ ዘፈን ከተወ ቆይቷል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከሆነ ወዲህማ ሠርግ ላይ ጭፈራ ሲጀመር ጫማውን ፈልጎ የሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ ያኔሊስ ከአሜሪካ በድምፅ መልእክት «ዘፈን ላክልኝ» ስትለው፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የሙዝ ማሳው መሀል ገብቶ ስልኩን ደጋግሞ አዳመጠ።

ያኔሊስ የተወለደችው ኩባ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የኩባ ጦር ሊያግዝ መጣ፤ ከዚያም አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የቀሩባቸው ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ዳልጮ አንዱ ነበር። እዚያው አደገ፣ ወደደ፣ ወለደ። እዚህ መንግሥት ሲለወጥ ገና የምትድኸውን ልጁን «እመለሳለሁ» ብሎ ተለያት። በአፍ ቀላል ነው፤ አልተመለሰም። እሷም አድጋ በሜክሲኮ በኩል በእግሯ አሜሪካ ገባች።

«ፓፒ» ትላለች በስፓኒሽ፣ «እሁድ እሁድ ስደተኞች የታሰሩበት ግቢ በር ላይ እንዘፍናለን። የሆንዱራሷም የጓቲማላዋም ያባቷን አገር ዘፈን ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። አንተ እኔን ስታስተኛ እያወጣህ እማዬ ትቀበልህ ነበር። ያስተማረችኝ ግን መቀበያውን ብቻ ነው። የአውጪውን ላክልኝ።»

የእነዚያ ሴቶች አገር ሁሉ አንድ ዘመን የባዕድ እጅ ገብቶበታል። የገባው ጦር ፓስፖርት አልተጠየቀም፤ የተሰደደው ሰው ግን ይጠየቃል፣ ሲያጣ ይታሰራል። ይህ ነው የሚያዘፍናቸው።

ዳልጮ በልጅነቱ ከጋሞ ሲወጣ እሽሩሩ አልያዘም ነበር፤ ልጁን ያስተኛት ገበሬ በደቦ ሲቆፍር በሚዘፍነው ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አሁን ብቻውን ሞከረው፤ ተቀባይ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። አንድ እጅ አያጨበጭብም።

መዘምራን ውስጥ የምታገለግለው ሚስቱ ፀዳለ አጠገቡ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ትቆርጣለች።

«የካሌብ አባት፣ ሽማግሌዎቹ ቢሰሙህ ምን ልትል ነው?»

«ይህችን ልጅ አላሳደግኋት፣ አልዳርኋት። የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው» አላት።

ደግሞ አወጣ። ሊሰበር ሲል ፀዳለ ፊቷን ሳታዞር ተቀበለችው፤ እስኪጨርስም አልተወችውም።

«እግዚአብሔርም ልጁን ሩቅ የላከ ነው፤ ይገባዋል» አለችና ወደ ቅጠሏ ተመለሰች። ዳልጮ ላከው።

ሰኞ መልስ መጣ፤ ከያኔሊስ ሳይሆን ከሆንዱራሷ ጓደኛዋ። ያኔሊስን ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ይዘዋታል። እዚያው በሩ ላይ ስትዘፍንበት የነበረው ግቢ ውስጥ ናት። ጓደኞቿ ሳትያዝ በፊት የላከችላቸውን የዳልጮን ድምፅ እሁድ በድምፅ ማጉያ ለቀቁት፤ የሆነውን በቪዲዮ ልካለታለች።

ባልና ሚስት ስልኩ ላይ አጎነበሱ። መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከማጉያው ዳልጮ ያወጣል። ከግቢው ግንብ ወዲያ ብዙ ሴቶች ተቀበሉ፣ ያውም በጋሞኛ። ከያኔሊስ ሌላ ማን ያስተምራቸዋል? ዳልጮ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቪዲዮውን መለሰው፤ ደግሞ መለሰው።

«የቷ ናት ልጃችን?» አለች ፀዳለ።

ዳልጮ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ድምፆቹን አንድ በአንድ አዳመጠ።

«ስትናገር እለያታለሁ» አለ። «ስትዘፍን ግን ሰምቻት አላውቅም።»