ስልክ የማይሠራበት ቦታ

አንበሳው ተኝቷል። ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ፣ ከግራር ጥላ ሥር ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ፣ እግሮቹን በየአቅጣጫው በትኖ ለጥ ብሏል። አስጎብኚው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ጎፈሩ፣ ስለ ዕድሜውና ስለ ግዛቱ ስፋት ማስረዳት ጀመረ። አሮጊቷ የተሰጣቸውን የርቀት ማያ መነጽር ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ አውሬውን ለረጅም ጊዜ አዩትና ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው የተኛ ለማየት ነው? የተኛ ለማየትማ አጎትሽ ይበቃኝ ነበር።»

አስጎብኚው ሳቁ አመለጠው። ልጅቷም ሳቀች። ከትናንት ጀምሮ እናቷ ባሳቋት ቁጥር ትስቃለች።

ታላቅ ወንድሟ ሞቷል። በሰው አገር፣ መንገድ ሲያሠራ በነበረበት በረሃ ውስጥ፣ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። አስከሬኑ ነገ ጠዋት ይገባል፤ እነሱም ነገ ይመለሳሉ። ቤተ ዘመዱ በሙሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው።

«ልቧን ያማታል» ብሎ ነበር አጎቷ፣ ዘመድ በድብቅ በተሰበሰበበት። «እሱ ሳይገባ፣ ሰው ሳይሰበሰብ ከሰማች ሁለት ሬሳ ነው የምንቀብረው። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ውሰጃት። ከአንቺ አፍ አንዲት ቃል እንዳትወጣ!» እሷም በአባቷ አጥንት ምላ ወጣች። የሥራ ባልደረባዋ እህት ይህን ባለጸጋ የሚዝናናበትን ሎጅ ታስተዳድር ነበርና ክፍል ተገኘ። ለእናቷ «መሥሪያ ቤት ዕጣ ወጣልኝ» አለቻቸው። «ለእኛ ዘር ደግሞ መቼ ዕጣ ወጥቶ ያውቃል?» አሉ እናቷ። ሻንጣቸውን ግን አዘጋጁ።

ልጅቷ አዋላጅ ናት። ሥራዋ በር ከፍቶ ወንድ ነው፣ ሴት ናት ብሎ ማብሰር እንጂ ክፉ ወሬ አፍኖ መያዝ አይደለም። ሆዷ ያለውን ፊቷ ይናገራል እየተባለ ያደገች ሰው ለዚህ ሥራ መመረጧ የአጎቷ ስህተት ነበር። ግን ሌላ ሴት ልጅ የለችም።

ትናንት ሲደርሱ አስተናጋጇ ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣና ጭማቂ በትሪ ይዛ ተቀበለቻቸውና «ድንኳናችሁ ተዘጋጅቷል» አለች። «ድንኳን?» አሉ እናቷ በመገረም። «የማን ሠርግ ነው?» አዋላጇ ጭማቂው ትን አላት። ሰፈር ውስጥ፣ በጎረቤት ግቢ፣ ተጣጥፎ ተደብቆ የነገን ጠዋት የሚጠብቅ ሌላ ድንኳን እንዳለ ታውቃለች። ይህኛው እንኳ ድንኳን የተባለው ለስሙ ነው፤ ወለሉ የተወለወለ ጣውላ፣ አልጋው ነጭ መጋረጃ የለበሰ፣ ከበረንዳው ደግሞ ወንዙን ፊት ለፊት የሚያይ የመዳብ መታጠቢያ ገንዳ አለው። እናቷ ገንዳውን ዞረው ዞረው አዩትና «እኔ ዝሆን እያየኝ ገላዬን አልታጠብም» ብለው ባልዲ አስመጥተው ከውስጥ ታጠቡ።

አንበሳው አልነቃም። መኪናው ተነሥቶ ጥቂት እንደ ሄደ አስጎብኚው በድንገት ፍሬን ያዘ። ከፊታቸው ኤሊ መንገድ ታቋርጣለች። አንድ እግሯን አንሥታ ታስባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ደግሞ ታስባለች።

የእናቷ ፊት በራ። «ጎረምሳው ባየሽ!» አሉ ኤሊዋን። ልጃቸው አርባን ካለፈ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ግን ጎረምሳው ነው። ወደ አስጎብኚው ጠጋ ብለው «ወንድሟን ማለቴ ነው። ያኔ ገና ተማሪ ነው፤ ይህችን የመሰለች ኤሊ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ልብስ በዘፈዘፍኩበት ሳፋ ውስጥ ከትቷት ሄደ። እኔ ልብስ አሻለሁ ብዬ እጄን ስሰድ፣ ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ተንቀሳቀሰ! ጩኸቴን ሰምቶ ሰፈሩ በሙሉ ሌባ ነው ብሎ ዱላ ይዞ መጣልህ» አሉት።

አስጎብኚው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። አዋላጇም ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ ከልቧ ነበር። ሳፋው፣ አረፋው፣ በር ላይ ቆሞ ኤሊዋን አትግደሉብኝ እያለ የሚያለቅሰው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ራሷን ረሳች።

«ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ እኮ ያን ቀን...»

ቃሉ ከአፏ ወጥቷል። ሰሞኑን ከዘመድ ጋር ስታለቅስ፣ ወንድሟ በተነሣ ቁጥር ከፊቱ እየቀደመ የለመደባት ቃል ነው።

«አባዬን» አለች ተንተባትባ። «አባዬን ማለቴ ነው። ኤሊዋን ያመጣለት እሱ አይደል?»

እናቷ አላዩዋትም። ኤሊዋ ሣሩ ውስጥ ገብታ እስክትጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ ለአስጎብኚው፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «አባቷ ነው ያመጣለት። ነፍሱን ይማረው።»

አባቷ የሞተው ኤሊዋ ከመምጣቷ በፊት ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች፤ እናቷም ያውቃሉ። ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈው የራሳቸው የሐዘን ልብስ ነበር።

ምሳ ላይ እናቷ ሾርባውን በጥንቃቄ ጨረሱ፤ ለአስተናጋጇም «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ደከመኝ ብለው ገቡና ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረው ተኙ። አዋላጇ ከበረንዳው ሆና አዳመጠች። የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ታውቃለች፤ የተኛ ሰው ትንፋሽም ታውቃለች። ይህ ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። ምናልባት አልገባቸውም ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። እንደዚያ ያለ ቃል የማይገባት እናት እንደሌለች እያወቀች ራሷን አጽናናች። ከዚያ ደግሞ ለአጎቷ ምን እንደምትለው አሰበች፤ እናቷ አሁን፣ እዚህ፣ ሐኪም በሌለበት ልባቸው ቢቆምስ ምን እንደምታደርግ አሰበች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እናቷ ነጠላቸውን ደርበው ወጡና ከአጠገቧ ተቀመጡ። ከወንዙ ማዶ ዝሆኖች ውኃ ሊጠጡ ወርደዋል። ሁለቱም ወደዚያ አዩ፤ ማንም ግን ዝሆን አላየም።

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። መሐላውም፣ አጎቷም ይቅሩ አለች በልቧ።

«እማዬ፣ ጎረምሳው...»

የእናቷ መዳፍ አፏን ከደነው። ሻካራና ትኩስ እጅ ነበር።

«ይደር» አሉ።

«እማ...»

«ይደር አልኩሽ። ነገ እዚያ ሁሉም ተሰብስበው ይነግሩኛል አይደል? ያን ጊዜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እጮሃለሁ፤ አጎትሽ አስምሎሽ ይሆናል፤ አንቺም መሐላሽን አልበላሽም።» መዳፋቸውን ከአፏ አነሡ። «አፍ አውጥቶ የነገረኝ ከሌለ ልጄ ገና አለ። ዛሬን ይደርልኝ። አንዲት ሌሊት ናት።»

አዋላጇ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ማልቀስ መናገር ነው።

ጨለማው ሲወርድ፣ እንግዶችን ከአውሬ እየጠበቀ ወደ ምግብ አዳራሹ የሚወስደው ዘበኛ ባትሪውን እያበራ መጣና ከደረጃው ሥር ቆመ።

«እንዴት አመሻችሁ እማማ፣ ለእራት ልውሰዳችሁ?»

«መጣን ልጄ» አሉ እናቷ። ልጄ የምትለዋ ቃል መሐል ላይ ትንሽ ተሰበረችባቸው፤ ሆኖም ተነሡ።

ዘበኛው ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነው በጠባቧ መንገድ ሄዱ። የእናቷ ጣቶች ክንዷ ውስጥ እስኪሰምጡ ድረስ ይዘዋታል። ከአዳራሹ የሻማ ብርሃንና የእንግዶች ጫጫታ ይመጣል። በሩ አጠገብ ሲደርሱ እናቷ ቆም አሉና ፊቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፤ ከዚያ የራሳቸውን ጠረጉ።

«ሳቂ» አሏት በሹክሹክታ። «ሰው ያየናል።»

አዋላጇ አፏን ከፈተች። አንድ ድምፅ ወጣ፤ ዘበኛውም የቀለዱ መስሎት ዞር ብሎ አብሮ ሳቀ።