የከረመ ግንድ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሽ ካሕሱ ቶርኗቸውን ሚኒባስ ላይ ጭነው ከወልድያ መርሳ ደረሱ። እንጨት በቶርኖ የሚቀርጹ ስድስት ባለሙያዎች መሣሪያና ሥራቸውን የሚያሳዩበት የአንድ ቀን ባዛር ነበር። እኔ በባዛሩ ሥራ ከጀመርኩ ወር አልሞላኝም፤ ለባለሙያዎቹ ጠረጴዛ አድላለሁ፣ መብራት እስባለሁ፣ እንጨት አቀርባለሁ።

ጋሽ ካሕሱ ሱቃቸው ለመንገድ ከፈረሰ ወዲህ ሥራ አልነበራቸውም። ያን ቀን ደግሞ ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤት አስተማሪ የሚመርጡ ሰዎች ይመጡ ነበር።

«ዓቢዳ፣ ከተቀበሉኝ ኣልጋነሽን ማን ይችላታል?» አሉኝ፤ ሚስታቸውን ነው። «‹አንተ መምህር፣ መጀመሪያ ጫማህን በር ላይ ማውለቅ ተማር› ነው የምትለኝ።»

ከሦስት ቀን በፊት ደውለው «ዋንዛ ፈልጊልኝ፤ የከረመ ይሁን» ብለውኝ ነበር። ወደ ግራና መንደር ወርጄ ዓሪፍ ከሚባል ገበሬ ዘንድ አንድ ግንድ አገኘሁ።

«ከርሟል?»

«ወላሂ ከርሟል!»

አልዋሸኝም። ግንዱ ማሳ ዳር ተጋድሞ ዝናብ ሲጠጣ ከርሟል። ለጋሽ ካሕሱ ግን የከረመ ማለት ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ውሃውን የጨረሰ ነው። የት እንደከረመ አልጠየቅሁም።

በባዛሩ ላይ መሮው ገና ሲነካው ፍቅፋቂው እጃቸው ላይ ተጣበቀ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የት ነው የከረመው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

 ሌላ እንጨት አልነበረም፤ መራጮቹም ፊታቸው ቆመዋል። ጋሽ ካሕሱ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከንፈሩ ስስ የሆነ፣ የሚያምር ሳህን ወጣ። የመርሳ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ አገኘው፤ ሰባት ሰዓት ላይ «ቋ» ብሎ ከከንፈሩ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ።

ከመራጮቹ አንዱ፣ ሙላቱ የሚሉት፣ ሳቀ። «አባት፣ እንጨቱን የመረጡት ራስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ካሕሱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«እርጥብ ከደረቅ ሳይለዩ ምን ሊያስተምሩ ነው ታዲያ?»

እኔ አጠገባቸው የመብራት ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

ቶርኖውን ስንጭን «ጋሼ፣ ልመለስና ልንገራቸው» አልኳቸው።

«ተይው። ሥራ ገና መጀመርሽ ነው። ሁለተኛ ግን ‹የት?› ማለት እንዳትረሺ።» ሳህኑን ለእኔ ሰጥተው ሄዱ።

የአስተማሪነቱን ሥራ ሳያገኙ በመጋቢት ሞቱ። ለቅሶ ሄጄ እትዬ ኣልጋነሽን «ያን ግንድ የገዛሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱ ግን ‹እኔ ነኝ የገዛሁት› ነው ያለኝ» አሉ።

ቶርኖው አሁን ሐራ ከተማ ነው፤ አንድ አናጢ የአልጋ እግር ያወጣበታል።