ከሰርጉ በፊት የታዩት መብራቶች

«ያላየሽውን ነው የምትመሰክሪው፣ ልጄ?» አሉ አቶ ምናለ በስልክ።

ምሥራቅ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች። ደብረ ማርቆስ ካለው ጠባብ ስቱዲዮ ስለ ሰማይ የሚተርከውን ሳምንታዊ የሬዲዮ ዝግጅቷን በቀጥታ ስታስተላልፍ እንዲህ ያለ መስቀለኛ ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም። ነገሩን የጀመሩት ከደብረ ወርቅ አካባቢ የደወሉት አቶ ዘመነ ነበሩ። ትናንት ሲመሽ፣ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ መብራቶች በሰማዩ ላይ ተሰልፈው አልፈዋል። እሑድ የእሳቸው ወንድ ልጅ የአቶ ምናለን ሴት ልጅ ያገባል። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፤ የሙሽራይቱ አባት ግን ገደ ቢስ ምልክት ነው፣ ሰርጉ ይቆይ ብለዋል። ምሥራቅ መብራቶቹ በአንድ ሮኬት የተላኩ ሳተላይቶች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ስታስረዳ ነበር አቶ ምናለ ራሳቸው የደወሉት።

«አላየሁም» አለች።

«እንግዲያው በወሬ ነዋ።»

ከመስታወቱ ማዶ ቴክኒሻኑ ጌቱ ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ ሰውየው እውነታቸውን ነበር። ስልኳ ላይ የሳተላይቶቹን መንገድ ፈለገች። ዝግጅቱ ሳያልቅ ዛሬም ሊያልፉ ነው። ትንበያ ግን ሊስት ይችላል፤ ከሳተ ደግሞ ሰርጉን የሚያፈርሰው የእሷ ቃል ይሆናል።

«አባባ፣ ስልኩን እንደያዙ ደጅ ይውጡ» አለች። «ከምዕራብ ይመጣሉ። ፀሐይ ለእኛ ብትጠልቅም እነሱ ከፍ ስላሉ ገና ታበራላቸዋለች። ወደ ምሥራቅ ሲያዘነብሉ ግን የምድር ጥላ ውስጥ እየገቡ በተራ በተራ ይጠፋሉ። ካልጠፉ ተረትቻለሁ።»

«ኋላ እንዳትክጂ።»

ጌቱ ሙዚቃ ልክፈት ወይ ብሎ በምልክት ጠየቃት፤ በእጇ ከለከለችው። በሬዲዮው ከአቶ ምናለ ደጅ የውሻ ጩኸትና የአንድ ጎረቤት ሳል ብቻ ይሰማ ጀመር።

«መጡ» አሉ አቶ ምናለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ደቂቃዎች አለፉ። «የፊተኛው ጠፋ። ተከታዩም። ሁሉም እዚያችው ቦታ ሲደርሱ፣ ቤት እንደሚገባ ሰው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘመነ፣ የምትሰማ ከሆነ ዳሱን እንዳትነካ።»

ጌቱ አጨበጨበ። ምሥራቅ ልታመሰግን አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት። «ቆይ እስቲ፣ ልጄ። ጥላው የምድር ከሆነ እኛም አሁን ውስጡ ነን ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባባ። ሌሊት የምንለው እሱን እኮ ነው።»

«ወይ ጉድ» አሉ ሰውየው፤ ስልኩን ግን አልዘጉም።

ምሥራቅ ስለ ማርስ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ገፋ አደረገችው። ከዚያም ጌቱን ረጅሙን የማይክሮፎን ገመድ እንዲፈታላት ጠይቃ፣ የስቱዲዮውን በር ከፍታ የምታወራለትን ሰማይ በዐይኗ ልታይ ወደ ግቢው ወጣች።