ከፕላስተሩ ሥር

ፀጉር አስተካካዩ የሰውን ቆዳ ጠንቅቆ ያውቃል። ሃያ ዓመት አገጭ ሲላጭ ኖሯልና የትኛው ብጉር እንደሚመግል፣ የትኛው በራሱ እንደሚከስም ገና ሲያየው ይለየዋል። የገዛ ልጁ ሆድ ላይ የወጣውን ግን ሳያየው ከረመ።

ሚጡ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት ሁለት ዓመት አልፏል። ኢንሱሊኗን የሚሰጣት ቀበቶዋ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ሆዷ ላይ ከቆዳዋ ሥር ገብቶ በፕላስተር ይያዛል። ቦታው በየሦስት ቀኑ መቀየር አለበት። የምትቀይርላት እናቷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሳምንት ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት የሚጡ ስኳር አልወርድ አለ። አባት በፓምፑ ተጨማሪ ኢንሱሊን ሰጣት፤ ጭራሽ ወጣ። ሊያቅፋት ሳብ ሲያደርጋት "እህ!" ብላ ሆዷን ያዘች።

"እስቲ ሸሚዝሽን ግለጪ።"

"ምንም የለም አባዬ።"

ራሱ ገለጠው። ፕላስተሩ ዙሪያ ቆዳዋ ቀልቷል፤ ሲነካው ያቃጥላል፣ መሃሉ ጠጥሯል።

"'እማዬ ሳትሄድ ቀይራልኛለች' አላልሽኝም?"

ሚጡ አንገቷን ደፋች። "ለእሷ ደግሞ 'አባዬ ይቀይርልኛል' አልኳት። አንዴ አንተ ስታስገባልኝ ፊትህ አመድ መሰለ። ትወድቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

አውራ ጣቶቹ እብጠቱን ጨምቀው ሊገላግሏት ቸኮሉ፤ ግን እንደ ምንም ራሱን ገትቶ ክሊኒክ ውስጥ ለምትከታተላት ነርስ ደወለ።

"እንዳይጨምቁት!" አለችው። "ያንን ቱቦ ይንቀሉት፤ ኢንሱሊኑ በቁስሉ አያልፍም። አሁን የሚያስፈልጋትን ኢንሱሊን በመርፌ ይስጧት። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ታጥበው አዲሱን በሌላው ጎን፣ ከቁስሉ ራቅ አድርገው ያስገቡ። የቅላቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ ያስምሩበት። መስመሩን ካለፈ ወይም ካተኮሳት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

አሮጌው ቱቦ ሲነቀል መግል አስከትሎ ወጣ። አዲሱን ሊያስገባ ቦታውን ደጋግሞ ለካ።

"ጨርስ እንጂ አባዬ!" አለች ዓይኗን ጨፍና።

ሱቁን ሳይከፍት ዋለ። በየአሥር ደቂቃው ሸሚዟን ይገልጣል። ስኳሯ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ቅላቱ ግን ቀትር ላይ መስመሩን ተሻገረ፤ ግንባሯም ጋለ። አቅፏት በሩን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ።

የክሊኒኩ ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ ከፈተው፤ መግሉን አፍስሶ፣ አጥቦ ሸፈነው፤ አንቲባዮቲክም አዘዘላት።

"ደህና ትሆናለች።"

"እርግጠኛ ነዎት?" አስተካካዩ ይህን ሦስቴ ጠየቀ።

ለእናትየው ሲደውል "እና አሁን ነው የምትነግረኝ?" ብላ ጮኸችበት።

"ሁለታችንንም ሸውዳናለች" ሊል ጀመረና ሚጡን አይቶ ተወው።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቃት፤ ቁስሉም እየጠገገ ሄደ። አባት ግን አላመነም። ከትምህርት ቤት ወደ ሱቁ ስትመጣ ደንበኛውን ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ይተወውና "ነይ እስቲ አሳዪኝ" ይላታል።

"አባዬ፣ ሰው አለ እኮ!"

ብትቆጣም፣ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ገብታ ሸሚዟን ትገልጥለታለች።