ዳዶው ከመፈታቱ በፊት

የሻፊ ሚኒባስ ከፖሊስ ግቢ ተለቆ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ጋራዤ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው። መሪውን የያዘው የሻፊ ታናሽ ወንድም ሀይረዲን ነበር። የሻፊ ሚስት ፈርዶሳ ከሚጎትተው መኪና ወረደች። ሻፊ ራሱ ከታሰረ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የቱሉ ዲምቱን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናው አልቆም ብሎት፣ ዱጉማ የሚባል የብሎኬት ሠራተኛ መንገድ ሲያቋርጥ ገጭቶ ገደለው።

"የኋላ ፍሬኑን አዲስ ያድርጉልን" አለኝ ሀይረዲን። "ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የምነዳው። የወንድሜ ልጆች መብላት አለባቸው።"

ፈርዶሳ የመጣችው ለዚያ አልነበረም። ሀይረዲን መኪና ማንሻ ክሪክ ሊያመጣ ወደ ጋራዡ ጓዳ ሲገባ ጠጋ አለችኝ።

"ጋሼ ተስፋሚካኤል፣ አይተው እውነቱን ይንገሩኝ። ሻፊ ፍሬኑ እምቢ አለኝ ይላል። መርማሪው ደግሞ ፍሬኑ ይሠራል፣ ባልሽ ስልክ ሲነካካ ነው አለኝ። ሐሙስ ችሎት ይቀርባል። የሕጉን ነገር ጠበቃው ያውቃል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ዋሽቶኝ እንደሆነ ብቻ ነው።"

"መርማሪው ፍሬኑን እንዴት ነው ያየው?"

"የእጅ ፍሬኑን ስቦ መኪናውን በሦስት ፖሊስ አስገፋው። አልነቃነቅ አለ። ቦሎውም የዘንድሮ ነው፣ ምርመራውን አልፏል አለ።"

ደሜ ፈላ። የእጅ ፍሬን የቆመን መኪና ባለበት ያቆያል እንጂ የሚሮጥን መኪና አያቆምም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በቴክኒክ ኮሌጅ አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር የሰነፎች ሰነፍ የነበረው ተማሪዬ እንኳን ያውቀው ነበር። በቦሎ ሰሞን የሚሠራውንም ሁሉም ያውቃል። የፍሬን ሸራው ያለቀበት ሹፌር ሸራ በመቀየር ፈንታ የእጅ ፍሬኑን ማጥበቂያ ዳዶ ያስጠብቃል፤ በምርመራው ቀን የእጅ ፍሬኑ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ወረቀቱም ይታተማል። በማግስቱ ይላላል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። የሚያላላው የለም። በጋራዥ ባለቤቶች ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ነፍስ ማጥፋት ነው ብዬ ጮኬ አውቃለሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "መምህር፣ ሻይ ሰዓት ደርሷል" ብሎ አሳቀብኝ።

"አየዋለሁ" አልኳት።

የኋላ ፍሬን ከመነካቱ በፊት መጀመሪያ የሚላላው ይኸው ማጥበቂያ ነው። ካልላላ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ከውስጥ እንደያዘ ይቀራል፤ ትዕግሥት የሌለው መካኒክ ያን ጊዜ መዶሻ ያነሳና ታምቡሩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጎማዎቹን ከፊት በድንጋይ አስደግፌ፣ ካርቶን አንጥፌ ከመኪናው ስር ገባሁ። ሁለቱ የፍሬን ሽቦዎች የሚገናኙበትን ቦታ ከጭቃ አጸዳሁት።

ዳዶው የቡሎኑ ጥርስ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቅበት ቦታ አልነበረውም። ላዩ ላይ ቢጫ ቀለም አለ። ያጠበቀውን ዳዶ በቢጫ ቀለም የሚነካ መካኒክ በዚህ ሰፈር አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

ከአምስት ወር በፊት ነው። ሻፊ ዓርብ ከሰዓት መጣ። "ጋሼ፣ ነገ ቦሎ ነው። ሸራው አልቋል፤ ደህናው ከገበያ ጠፋ። ለአንድ ቀን ብቻ ያጥብቁልኝ፣ ሰኞ አመጣዋለሁ" አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰደብኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስድቤን ስጨርስ ከመኪናው ስር ገብቼ አጠበቅኩለት። ሰኞ አልመጣም። እኔም አልደወልኩለትም። በጋራዡ በር ሲያልፍ ክላክስ ነፍቶ ሰላም ይለኝ ነበር። እጄን አነሳለት ነበር።

እንዲህ የተጠበቀ የእጅ ፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ አያላቅቀውም። መኪናው በሄደ ቁጥር ይፋጫል፣ ይግላል፣ የቀረችውም ሸራ ተቃጥላ ታልቃለች። ሰው ሞልቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥ ከኋላ የሚይዝለት ነገር የለም፤ የፊቱ ብቻውን አይችለውም። መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን የእጅ ፍሬኑ ብረት በብረት ነክሶ ይይዛል። ሦስት ፖሊስ ቢገፋውም አይነቃነቅም።

ወጣሁ። ፈርዶሳ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

"ዋሽቶኛል?"

"አልዋሸሽም። ፍሬኑ አልያዘለትም።"

ዓይኗን ጨፈነች። "አልሐምዱሊላህ" አለች ቀስ ብላ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። ዝም አላልኩም። ሻርፗን ሰብስባ ጎንበስ እንድትል አድርጌ በባትሪ አሳየኋት።

"ያ ቢጫ ይታይሻል? ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። አንዴ ካላላሁት ምን ያህል ጠብቆ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ሳልነካው መርማሪው ተጠርቶ ይየው። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ።"

ቀና አለች። "ያስጠበቀውስ ማነው?"

"ሻፊ።"

"ሸራው ማለቁን ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር።"

"አምስት ወር ሙሉ ልጃችንን ዓሊያን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በዚህ ነው" አለች።

ሀይረዲን ክሪኩን እንደያዘ ከኋላችን ቆሞ ሰምቷል። ሁልጊዜ አንቱ የሚለኝ ልጅ በአንዴ አንተ አለኝ።

"ምንድነው የምትላት? ጠበቃው ያለንን ታውቃለህ? ሳያውቅ ከሆነ ዳኛው ሊያስብለት ይችላል። ፍሬኑ እንዳለቀ እያወቀ ነዳ ከተባለ አበቃለት። አንተ ልትጸድቅ ወንድሜ ይቀበር?"

"ሰው ሞቷል፣ ሀይረዲን። ዱጉማም ወንድም አለው።"

"የዱጉማ ወንድም ዛሬ ትዝ አለህ? እስከዛሬ የት ነበርክ?"

እኔ ግን መናገሬን አልተውኩም። ስለ ሕግ አወራሁ። በዚሁ አስፋልት ላይ ዛሬም እንዲሁ ተጠብቀው ስለሚሮጡት ሚኒባሶች፣ ነገ ስለሚሞተው ሰው አወራሁ። ድምፄ ከፍ ሲል ይሰማኛል፤ ስብሰባ ላይ የምናገርበት ድምፅ ነው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ፈርዶሳ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም።

"ጋሼ፣ ይፍቱት።"

"ፈርዶሳ፣ አንዴ ከተፈታ እኮ..."

"ገብቶኛል። ይፍቱት።"

"እኔ ለመታሰር ዝግጁ ነኝ።"

"እርስዎ ቢታሰሩ ለእርስዎ ይቀልልዎታል" አለች፣ ሳትቆጣ። "ለእኔ ምን ይቀልልኛል?"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ጋራዡ የኔ፣ መፍቻው የኔ፣ እጄም የኔ ነው። ካርቶኑ ላይ ተመልሼ ተኛሁና መፍቻውን ዳዶው ላይ አስገባሁ። መጀመሪያ ሳዞረው ቢጫው ቀለም ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛ ሳዞረው ተፈርፍሮ ፊቴ ላይ ወደቀ። ሃያ ሦስት ጊዜ ዞረ። ሽቦዎቹ ረገቡ።

ታምቡሩ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ብቻ ወጣ። ውስጡ ከግለት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ሸራ የሚባል ነገር የለም፤ ብረቱ ብረቱን አርሶታል። ሀይረዲን አየና ፊቱን አዞረ። ፈርዶሳ ግን ተጠግታ ጣቷን የታረሰው ላይ አሳረፈች፤ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ጣቷን የምትጠርግበት ጨርቅ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

አዲስ ሸራ አሰርኩ። ታምቡሮቹን ለወጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን በልኩ አጠበቅኩ። ቀለም አልቀባሁም። ሀይረዲን በግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ነድቶ ፍሬኑን ሲረግጠው መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሥራው ከጅምር እስከ ፍጻሜ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ያን ዓርብ ሦስት ሰዓት ነበረኝ። ሸራ ከጠፋም ቁልፉን ተቀብዬ መኪናውን ማቆም እችል ነበር።

ሀይረዲን የፊቱን በር ከፈተላት። አልገባችም።

"አንተ ሂድ። እኔ በባጃጅ እመጣለሁ።"

እሱ ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ቆመች።

"ነገ ስንቅ ስወስድለት፣ ጋሼ አዩት ወይ፣ ምን አሉ ብሎ ይጠይቀኛል" አለችኝ።

"ምን ትይዋለሽ?"

"ምንም አላሉም እለዋለሁ።" ወደ አስፋልቱ አየች። "እርስዎ ማወቅዎን ካወቀ እኔም ማወቄን ያውቃል። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኑ ያየኛል?"

የሚያልፍ ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ጋራዡን ዘግቼ ልብሴን ቀየርኩ። ፍርድ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ከውጭ በኩል ፈርዶሳ ዓሊያን ይዛ ተቀምጣለች። አየችኝ፣ እንዳልገባ ራሷን በቀስታ ወዘወዘች። ሳልገባ ወደ አቃቂ ተመለስኩ።